ቆላ ሲወርድ የሚሞተው ጣፋጭ

አንድ ጣፋጭ ቀማሚ ነበር። ጣፋጭ ቀማሚ ስላችሁ ጠጅ ጣይ ወይም ከረሜላ ሻጭ እንዳይመስላችሁ። ይህ ሰው ከሸንኮራ ያልተጨመቀ፣ ከቀፎ ያልተቆረጠ፣ በሰው እጅ ብቻ የተሠራ ጣፋጭ ነበር የሚያወጣው። አንዲት ቁንጥር ጣል ያደረጉባት ሻይ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባባት ያህል ትጣፍጣለች፤ ደም ውስጥ ግን ስኳር አትጨምርም። የሰውየው ስም ይርዳው ነው።

ይርዳው ይህን ሥራ የጀመረው ሀብታም ልሁን ብሎ አልነበረም፤ ታላቅ ወንድሙን ብሎ ነው። አባታቸው ሲሞት ይርዳው ገና ፊደል አልቆጠረም ነበር። ታላቁ ቢሻው ትምህርቱን ትቶ ቆላ ሐይቅ ዳር ዓሣ እያሰገረ አሳደገው፣ አስተማረው፣ የምረቃ ልብሱን ሳይቀር ገዛለት። ራሱ ግን ከሐይቁ ዳር ሳይነሳ ጎልማሳ ሆነ። ለዚህ ሰው የዓለም ደስታው አንዲት ነገር ነበረች፤ አራት ማንኪያ ስኳር የገባባት ሻይ። ጎረቤቶቹ «ቢሻው ስኳር በሻይ እንጂ ሻይ በስኳር አይጠጣም» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

በኋላ የስኳር በሽታ ያዘውና ሐኪሙ ስኳርም ማርም ከለከለው። ቢሻው ወዲያው አቆመ። ሦስት ዓመት ሙሉ መራራ ሻይ ሲጠጣ አንድ ቀን እንኳ አላማረረም። አንድ ጊዜ ግን ይርዳው ሊጠይቀው ወርዶ ሳለ፣ ወንድሙ ሻዩን ሲውጥ ፊቱን ቅጭም ሲያደርግ አየው።

«ወንድም ጋሼ፣ የሚጣፍጥ ሻይ ሳላጠጣህ አልሞትም» አለው።

«ተወኝ እባክህ፣ እኔ ለምጄዋለሁ። ይልቅ ራስህን አታድክም» አለ ቢሻው እየሳቀ።

ይርዳው አልተወውም። ብርዳም በሆነች የደጋ ከተማ ትንሽዬ ፋብሪካ አቁሞ ሁለት ዓመት ለፋ። ሁለት ዓይነት ነጭ ዱቄት በሙቅ ውሃ አዋህዶ፣ አጣርቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ከፈሳሹ ውስጥ እንደ ጨው ፍሬ የሚረጋ ክሪስታል አወጣ። የመጀመሪያው ፍሬ ደቃቅና ፈዛዛ ነበር፤ ጣዕሙ መልካም ቢሆንም መልኩ የተፈጨ ኖራ ይመስላል። ሰው ደግሞ በዓይኑ ነው የሚቀምሰው። ሱቅ የገባ ሁሉ «ይሄ መድኃኒት ነው እንዴ?» እያለ መልሶ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ይርዳው ሌላ ዘዴ ፈለገ። ፈሳሹ ውስጥ ለዘር የሚሆኑ ጥቂት የረጉ ፍሬዎች እየበተነ፣ ቶሎ ቶሎ እያቀዘቀዘ፣ ፍሬው በአራት ሰዓት ውስጥ አድጎ እንዲወጣ አደረገ። የወጣው ፍሬ ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከስኳር የማይለይ ሆነ። ሰውም ወደደው።

የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ይዞ ቆላ ወረደ። ቢሻው ሻዩን አንድ ጊዜ ፉት አለ። ከዚያ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አንተ ልጅ፣ ምላሴን ከሞት አስነሳሃት» አለው።

ይርዳው በሕይወቱ የዚያን ቀን ያህል ተደስቶ አያውቅም። ሰው ላሳደገው ወንድሙ ውለታ ሲመልስ የሚሰማውን ደስታ የቀመሰው ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ አዲስ ቆርቆሮ ይዞ ይወርዳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በእኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ የተከፈተና የተጋመሰ አይቀርብለትም። ይርዳው በመጣ ቁጥር ቢሻው ለክብሩ አዲሱን ቆርቆሮ ይከፍታል፤ ሁለቱም የሚጠጡት ከአዲሱ ነው። አሮጌው ጓዳ ይቀራል። በፋብሪካውም ይርዳው የሚቀምሰው ከማድረቂያው ትኩሱን የወጣውን ነው። መደርደሪያ ላይ የሚያቆየው ናሙናም ቢሆን በደጋው ብርድ ስለሚቀመጥ ዓመት ሙሉ ጣዕሙን አይለቅም። እናም ጣፋጩ በሰው ቤት፣ በቆላ ሙቀትና ወበቅ፣ ሁለተኛ ወሩ ላይ ምን እንደሚሆን ይርዳው አንድም ቀን ሳይቀምስ ዓመታት አለፉ።

የሚሆነውማ ይህ ነው። ፍሬው መጀመሪያ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ቀጥሎ ጣዕሙ እየሳሳ ይሄዳል፤ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ሻይ ውስጥ ቢጨምሩት ባይጨምሩት አንድ ይሆናል። የቆላ ደንበኞች ይህን ያውቃሉ። ግን ማን ይናገር? «ለበሽተኛ ወንድሙ ብሎ እንዲህ የሚለፋን ሰው እንዴት ጣፋጭህ አይጣፍጥም ይሉታል? ነውር ነው» ይባባላሉ። ሲያገኙት ይመርቁታል። ቆርቆሮውን ዳግመኛ አይገዙም እንጂ መመረቁንስ አላጓደሉም። አይ የእኛ ነገር!

በፋብሪካው ማድረቂያ ክፍል ትርንጎ የምትባል ሠራተኛ ነበረች። ሥራዋ ትሪ ላይ የተሰጣውን ፍሬ ማገላበጥ ነው። ትምህርቷ ብዙ አልነበረም፤ እጇ ግን አዋቂ ነው። ፍሬውን ስትዘግነው ላዩ ደረቅ ሆኖ ሳለ ከብዶ ይሰማታል። አንድ ቀን አንዱን ፍሬ በሁለት ማንኪያ መሀል አድርጋ ሶፍት ላይ ስትደፈጥጠው፣ ሶፍቱ ላይ የርጥበት ነጥብ ተወ። በችኮላ ያደገው ፍሬ ሲያድግ ጥቂት ውሃ በውስጡ ዘግቶ ኖሯል። እንዳትሳሳት ብላ ቆላ ላለችው እህቷ አንድ ቆርቆሮ ላከች፤ በሦስተኛው ወር አስመለሰችውና ቀመሰችው። ጣዕም የሚባል የለውም።

የፋብሪካው አምስተኛ ዓመት ሲከበር ይርዳው ድግስ ደገሰ። የከተማው ሹማምንት፣ ነጋዴዎች፣ ሠራተኞች በሙሉ ተጠሩ። ቢሻውም ጋቢውን ደርቦ ከቆላ መጣና ከይርዳው ቀኝ ተቀመጠ። ምሳው ተበልቶ ሻይ ሲዞር ሁሉም «እጅህን ይባርከው!» ይላል። ሻዩ እውነትም ይጣፍጥ ነበር፤ ከትኩሱ የተቀዳ ነዋ። በዚህ መሀል ትርንጎ ያንን ከእህቷ የተመለሰውን ቆርቆሮ ይዛ ወደ ፊት ቀረበች።

«ጋሼ ይርዳው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሦስቴ ቢሮዎ መጥቼ ሥራ አለብኝ ብለው መለሱኝ። ይሄ ቆላ ሦስት ወር ቆይቶ የመጣ ነው። እስቲ ይቅመሱት፤ ሞቷል።»

«ምን ማለት ነው ሞቷል?» አለ ይርዳው።

«ፍሬው ሲያድግ ውሃ ይዞ ነው የሚያድገው። ላዩን ብናደርቀው ውስጡ አይደርቅም። እዚህ ብርድ ስለሆነ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ቆላ ሲወርድ ግን ሙቀቱ ያንን ውሃ ይቀሰቅሰውና ፍሬውን ከውስጥ ይበላዋል። ይኸው ይዩት» ብላ አንድ ፍሬ ሶፍት ላይ ደፈጠጠችለት።

ይርዳው ነጥቧን አይቷታል። ይህን ራሱ በኋላ አልካደም። በዚያች ቅጽበት እውነት ሊሆን እንደሚችል ገብቶታል። ነገር ግን ሹማምንቱ ያዩታል፣ ነጋዴዎቹ አንገታቸውን አስግገዋል፣ ወንድሙ አጠገቡ ተቀምጧል። እውቀት አንድ ወገን፣ ክብር ሌላ ወገን ሆነው ሲሳሳቡ ክብር ጉልበተኛ ናት።

«ትርንጎ፣ እኔ የቀጠርኩሽ ትሪ እንድታገላብጪ ነው ወይስ እንድታስተምሪኝ?» አላት። «እህትሽ ሻይ ማፍላት ካላወቀች ቆርቆሮው ምን ያድርግ? በይ ይልቅ ስኒዎቹን አንሺ።»

እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። ትርንጎ ፊቷ እየቀላ ስኒዎቹን አንድ በአንድ ለቀመች። ስኒዎቹ ሲንቀጫቀጩ ሌላ ሳቅ ተከተለ። ቢሻው ግን አልሳቀም። ሳምንት እሰነብታለሁ ብሎ የመጣው ሰው በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ቆላው ተመለሰ። ይርዳው «ብርዱ አልተስማማውም» ብሎ አሰበ።

ትርንጎ ከሥራ አልተባረረችም። ትሪዋን እንደ ድሮዋ ታገላብጣለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከ«እሺ» በቀር ቃል አልወጣትም። ሌሎቹም ሠራተኞች ከእሷ ተምረዋል። ማጣሪያው ሲቀደድ ዝም፣ መለኪያው ሲዛባ ዝም። ይርዳው «ፋብሪካዬ ሰላም ሆነ» እያለ ደስ ይለው ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእሱ ወለምታ ግን ጭራሽ ወለምታ መሆኑንም አላወቀም።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ከቆላ መልእክት መጣ። «ወንድምህ ማየት ተስኖታል፤ ድረስ» ይላል።

ይርዳው ሲደርስ ቢሻው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሯል። ሐይቁን ግን አያየውም። ሐኪሙ ይርዳውን ወደ ጎን ወስዶ፣ ስኳሩ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ በመቆየቱ ዓይኑን እንዳጠፋው፣ ከእንግዲህም እንደማይመለስ ነገረው። ይርዳው አላመነም። «ወንድሜ ስኳር ካቆመ ዓመታት ሆኖታል፤ የሚጠጣው የእኔን ጣፋጭ ነው» ብሎ ተከራከረ። ከዚያ ለወንድሙ ሻይ ሊያፈላ ጓዳ ገባ። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የማር ገንቦ አገኘ፤ ግማሽ ሆኗል። ከገንቦው ጎን የእሱ ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል። ሁሉም ተከፍተዋል፣ ሁሉም ሳያልቁ ቀርተዋል። አንዱን ፍሬ ምላሱ ላይ አደረገ። አሸዋ የቀመሰ መሰለው።

ገንቦውን ይዞ ወጣ።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ቢሻው ምን እንደያዘ ባያይም ከድምፁ ገባው።

«ማር ነው» አለ። «አትቆጣኝ።»

«ሦስት ዓመት መራራ ሻይ የጠጣህ ሰው አይደለህም? እንዴት ይህን ታደርጋለህ?»

«ያኔማ ለምጄው ነበር። ምላሴ ተኝታ ነበር፣ አንተ ቀሰቀስካት። ከዚያ ጣፋጭህ ሞተ፣ ምላሴ ነቅታ ቀረች። መልሼ ላስተኛት ብዙ ሞከርኩ፣ አቃተኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም! በመጣሁ ቁጥር "ግሩም ነው" አልነበር የምትለኝ? እኔ ወንድምህ አይደለሁም?»

ቢሻው ፊቱን ወደ ድምፁ መለሰ። ቀጥሎ የተናገረውን ይርዳው እስኪሞት አልረሳውም።

«ልነግርህ መጥቼ ነበር» አለ። «የፋብሪካህ በዓል ጊዜ። የሞተውን ቆርቆሮ ጋቢዬ ውስጥ ሸሽጌ ነው የመጣሁት። ሰው ሲሄድ ለብቻህ ላሳይህ አስቤ። ከዚያ ያቺ ልጅ ተነሳች። እኔ ልል የመጣሁትን እሷ አለችው፤ ያደረግካትንም አየሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ እንደያዝኩት ይዤው ተመለስኩ።»

«አንተን እንደሷ አላደርግህም ነበር» አለ ይርዳው።

«ይሆናል» አለ ቢሻው። «እኔ ግን አላወቅኩም። ደግሞም ያን ቀን በጣም ደስ ብሎህ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም።»

ይርዳው ወንድሙ እግር ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ማልቀስ ምን ያደርጋል? ዓይን በእንባ አይመለስም።

ደጋ እንደተመለሰ ቀጥታ ወደ ማድረቂያው ክፍል ገባና ሠራተኞቹ ሁሉ እያዩት ትርንጎ ፊት ጎንበስ አለ። «ይቅር በይኝ። ልክ ነበርሽ። ልክ መሆንሽንም በዚያው ቀን አውቄው ነበር» አላት። ትርንጎ ደንግጣ ትሪውን ለቀቀችው። ትሪውን እያነሳችም «እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎት» አለች። ከዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ ያላለችውን ሁሉ አለች። ፈሳሹ በአራት ሰዓት ሳይሆን በሁለት ቀን ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ፤ ፍሬው ትንሽ ይሁን፤ ማድረቂያው ለዘብ ይበል፤ ቆርቆሮው ከመሸጡ በፊት ቆላ ወርዶ ይክረም። የተናገረችው ተፈጸመ። የወጣው ፍሬ ደቃቅና ፈዛዛ ነው፣ የተፈጨ ኖራ ይመስላል፤ ቆላ ዓመት ተቀምጦ ግን ጣዕሙ ንቅንቅ አላለም።

ይርዳው አዲሱን ይዞ ወደ ወንድሙ ወረደ። ሻይ ቀድቶ፣ ቁንጥር ጨምሮ፣ አማስሎ፣ ስኒውን በእጁ አስያዘው። ቢሻው ፉት አለ።

«ጣፈጠህ?» አለው ይርዳው።

«ግሩም ነው» አለ ቢሻው። ፈገግም አለ።

ይርዳው ያንን ቃል ለዓመታት ሰምቶታል። ያው ቃል ነው፣ ያው ድምፅ ነው፣ ያው ፈገግታ ነው። እውነቱን ይሁን፣ እሱን ላለማስከፋት ይሁን፣ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ ስኒውን ከወንድሙ እጅ ቀስ አድርጎ ወሰደና ራሱ ቀመሰው። ሻዩ ይጣፍጣል። መልሶ አስያዘው። ከዚያ ወዲያ ወንድማማቾቹ አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ፣ ይርዳው ከወንድሙ ስኒ ሳይቀምስ የወንድሙን ምስጋና አምኖ አያውቅም። ቢሻውም ይህን ያውቅ ነበር፤ ስኒውን ሲወስድበት ዝም ይለዋል።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ የጻፍኩላችሁ ስለ ሻይ ለማውራት አይደለም። እኛ እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር እያልን ልጆቻችንን እንመክራለን። ተናጋሪውን ስንመክር ሰሚውን እንረሳዋለን። አንዱን ሰው በእውነቱ ስናሳፍረው፣ ያሳፈርነው እሱን ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን በዙሪያችን የተቀመጠው ሁሉ ያያል፣ ይማራል፣ አፉንም ይሰበስባል። ከሁሉ በላይ የሚማሩት ደግሞ የሚወዱን ናቸው፤ እኛን ማስከፋት ከማንም በላይ የሚከብደው እነሱን ነውና። ከዚያ በኋላ ምስጋናቸውን እንሰማለን እንጂ ልባቸውን አንሰማም። ጥፋቱን ብናርመው እንኳ እምነቱ እንደ ድሮው አይሆንም። እኔ ራሴ ይህን ስጽፍ የማስታውሰው አንድ ፊት አለኝ፤ ይቅርታ ልለው ብፈልግም አሁን በሕይወት የለም።

እስቲ እናንተም አስቡት። አንድ ሰው እውነቱን ስለነገራችሁ በሰው ፊት ያዋረዳችሁት ቀን አለ? ካለ፣ እሱን ይቅርታ መጠየቁ መልካም ነው። ግን በዚያ ቀን እዚያው ተቀምጦ የነበረው፣ ያንኑ ሊነግራችሁ ቆርቆሮውን በጋቢው ውስጥ ይዞ መጥቶ፣ እንደያዘው ይዞት የተመለሰው ማን ነበር?